ዕረፍት የማይፈውሰው በሽታ፦ ሲስቲክ ፋይብሮሲስና የጡንቻ ጉልበት



በዚህ እትም ስሙ በአገራችን ብዙም ስለማይሰማ አንድ በሽታ እንነጋገራለን። የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በሽታ የሚገኘው ትምህርት አስም ያለበትን የዶርም ጓደኛችንን፣ ከሳንባ ነቀርሳ የዳነ ዘመዳችንን የምናይበትን ዓይን ሊለውጥ ይችላል። እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ በሽታውን የምናስረዳው በለመድነው መንገድ ነው፤ ምን ይገባል? ምን ይወጣል? የቱ ክፍል ሲበላሽ የትኛውን ይዞ ይወድቃል?

ሰው ሲታመም ቤተሰብ የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ተኛ፣ አትልፋ፣ ደረጃ አትውጣ፣ ብርድ እንዳይመታህ» ይባላል። ምክሩ የሚመጣው ከፍቅር ነው፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ትኩሳትም ይሠራል። ዕድሜ ልክ አብሮ ለሚኖር የሳንባ በሽታ ግን ያው ምክር ጉዳት ይሆናል። ለዓመታት «አትልፋ» የተባለ ልጅ በሽታው ከወሰደበት ጉልበት ላይ ዕረፍቱም የራሱን ድርሻ ይወስድበታል። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

በሽታው ምንድን ነው?

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ወይም በንክኪ አይጋባም። ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ጂን ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ራሱ አይታመምም፤ መሸከሙንም ላያውቅ ይችላል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽታውን ይዞ የመወለድ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው።

በሽታውን ለብቻው ለይተው በ1938 እ.ኤ.አ. የገለጹት አሜሪካዊቷ ሐኪም ዶሮቲ አንደርሰን ናቸው። ጂኑ የተገኘው ግን ከ51 ዓመት በኋላ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ላፕ ቺ ቹይ፣ ጆን ሪዮርዳንና ፍራንሲስ ኮሊንስ የመሯቸው ቡድኖች ክሮሞዞም 7 ላይ አገኙት። ይህ ጂን ሲኤፍቲአር የተባለ ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛል። ፕሮቲኑ 1,480 አሚኖ አሲዶች ተደርድረው የሚሠሩት ነው። በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ የሚታየው ስሕተት ከነዚህ ውስጥ አንዱ፣ 508ኛው፣ መጉደሉ ነው። አንዱ ሲጎድል ፕሮቲኑ በትክክል አይታጠፍም። ሴሉም ከፋብሪካ ሳይወጣ እንደተጣለ ጉድለት ያለበት ዕቃ አድርጎ ያስወግደዋል።

ሲኤፍቲአር በሴሉ ግድግዳ ላይ ያለ በር ነው ብለን እናስብ። ሥራው ክሎራይድን ማሳለፍ ነው፤ ክሎራይድ የምግብ ጨው ግማሽ አካል ነው። በአየር ቧንቧ ውስጥ ክሎራይድ ወደ ውጭ ሲወጣ ውኃ ይከተለዋል፤ የቧንቧው ገጽም ርጥብ ሆኖ ይቆያል። በሩ ከሌለ ገጹ ይደርቃል፤ አክታው እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ወጥቶ መሄድ ያቅተዋል። በዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ሳንባው ያለማቋረጥ ይቆስላል፤ ቧንቧዎቹም ከጊዜ በኋላ ቅርጻቸውን ያጣሉ። በቆሽት ላይም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ስብና ፕሮቲን የሚፈጩት ኢንዛይሞች የሚወርዱበት ቀጭን ቧንቧ ይዘጋል፤ ምግቡ ሳይፈጭ ያልፋል።

ከሳንባ እስከ እግር

በሽታው የሳንባና የአንጀት ከሆነ የእግር ጡንቻ ለምን ይደክማል? መልሱ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ የጉልበት ሒሳቡን እንመልከት። ገቢው ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ኢንዛይም በእንክብል ካልተወሰደ የተበላው ስብ አብዛኛው በሰገራ ይወጣል። ከስቡ ጋር ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ይጠፋሉ። ቪታሚን ዲ ለአጥንትም ለጡንቻም ያስፈልጋል። ወጪው ደግሞ ይጨምራል፤ በተዘጋ ቧንቧ መተንፈስ ብቻውን ሥራ ነው፤ ከኢንፌክሽን ጋር መታገልም ካሎሪ ይበላል። ሐኪሞች ለነዚህ ሕሙማን ከጤነኛ እኩያቸው ከ20 እስከ 50 በመቶ የበለጠ ካሎሪ እንዲመገቡ ሲመክሩ የኖሩት ለዚህ ነው። ገቢው ከወጪው ካነሰ ሰውነት ከቁጠባው ይበላል። አንዱ ቁጠባ ጡንቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዓመታት የማይጠፋ የሳንባ ቁስለት በደም ውስጥ የሚያሰራጫቸው ኬሚካሎች የጡንቻ ፕሮቲን እንዲፈርስ ያደርጋሉ። ሦስተኛ፣ የተጎዳ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረትም ይሳነዋል። ከአዋቂዎቹ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ከበሽታው ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም ይይዛቸዋል። ኢንሱሊን ስኳርን ብቻ አይደለም የሚቆጣጠረው፤ ጡንቻ እንዲገነባም ያዛል። አራተኛ፣ የሲኤፍቲአር ፕሮቲን ራሱ በሰው ጡንቻ ሴል ውስጥ እንደሚገኝ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ስለዚህ ጉድለቱ ጡንቻውንም በቀጥታ ሊነካ ይችላል።

አምስተኛው አለመንቀሳቀስ ነው። ልጁ ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለሚያጥረው መሮጥ ያቆማል። ሲያቆም እግሩ ይከሳል። የከሳ እግር ደግሞ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ቶሎ ይዝላል። በሚቀጥለው ወር ደረጃ መውጣት ራሱ ያስቸግረዋል፤ እሱም «ሳንባዬ ባሰበት» ይላል። ሳንባው ግን እንዳለ ሊሆን ይችላል፤ የባሰበት እግሩ ነው። ይህ አዙሪት ነው፤ ካልተቋረጠ ራሱን ይመግባል።

በቤልጅየም የሉቨን ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በብዙ አዋቂ ሕሙማን ላይ የጭን ጡንቻ ድክመት አይተዋል። የጡንቻው ድክመት ባለመንቀሳቀስ ብቻ ከሚጠበቀው የበለጠ ነበር፤ ሆኖም አለመንቀሳቀስ ጉልህ ድርሻ ነበረው። ከላይ ከዘረዘርናቸው ምክንያቶች ውስጥ ሕመምተኛው ራሱ በየቀኑ ሊለውጠው የሚችለው በዋናነት ይህን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ድያፍራም የምንለው፣ ከሳንባ ሥር ሆኖ የሚያስተነፍሰን ጡንቻ፣ በነዚህ ሕሙማን ላይ ከእግርና ከክንድ ጡንቻ ይልቅ በደህና ሁኔታ ሲገኝ ታይቷል። ያው ደም፣ ያው ቁስለት፣ ያው የምግብ እጥረት ይደርሰዋል። ልዩነቱ ድያፍራም ዕረፍት የሌለው መሆኑ ነው፤ ሌሊቱንም ቀኑንም በከባድ ጭነት ይሠራል። የሚሠራ ጡንቻ በዚህ በሽታ ውስጥ እንኳ ራሱን ይከላከላል ማለት ነው።

ጉዳዩ የሕይወት መሆኑን ያሳየው ጥናት

በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ሥራ አሳተሙ። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 35 ዓመት የሆኑ 109 ሕሙማንን በብስክሌት ፈትነው ነበር። የለኩት ሰውነት በከፍተኛ ልፋት ጊዜ በደቂቃ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል ነው። መኪና ቢሆን የሞተሩን ከፍተኛ ጉልበት እንደ መለካት ነው፤ ሳንባን፣ ልብን፣ ደምንና ጡንቻን በአንድ ቁጥር ያጠቃልላል። ከዚያም ሕሙማኑን ለ8 ዓመት ተከታተሏቸው።

አቅማቸው ከእኩዮቻቸው ከሚጠበቀው 82 በመቶና ከዚያ በላይ ከነበሩት ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከ59 እስከ 81 በመቶ ከነበሩት 51 በመቶ ተረፉ። 58 በመቶና ከዚያ በታች ከነበሩት የተረፉት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የሳንባቸውን ሁኔታና ሌሎች ምክንያቶችን በሒሳብ ካስተካከሉ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፤ ጠንካራ አቅም የነበራቸው ሰዎች የመትረፍ ዕድላቸው ከደካሞቹ ከ3 እጥፍ በላይ ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ነገር አብሮ መሄዱ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ብዙ የሚሮጠው መጀመሪያውኑ ሕመሙ የቀለለው ሊሆን ይችላል። ጥናቱ የተሠራውም የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ባልነበሩበት ዘመን ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ «ሆን ብለን ብናሠራቸውስ ምን ይሆናል?» የሚል ነው።

ሲያሠሯቸው ምን ተገኘ?

በአውስትራሊያ ሲድኒ፣ ለሳንባ ኢንፌክሽን ሆስፒታል የተኙ 66 ልጆች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የሩጫና የብስክሌት ዓይነት እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሁለተኛው ክብደት ማንሳት፤ ሦስተኛው የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኘ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሮጡት ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውና የዕለት እንቅስቃሴያቸው ከሌሎቹ ተሻለ። ክብደት ያነሱት ደግሞ የእግራቸው ጉልበት ጨመረ፣ የሳንባ መለኪያቸው ተሻሻለ፣ የሰውነት ክብደታቸውም ከሌሎቹ የበለጠ ጨመረ።

የመጨረሻውን ልብ እንበለው። ብዙ ወላጅ የሚፈራው «የበላውን በሩጫ ቢያቃጥለውስ?» ብሎ ነው። በነዚህ ልጆች ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። በቂ ምግብ እስካለ ድረስ የሚሠራ ጡንቻ ምግቡን ወደ ራሱ ይስባል። ማሠራትና ማብላት አብረው ሲሄዱ ነው ሥጋ የሚገባው።

እንቅስቃሴ አክታንም ያነሳል። በፍጥነት ስንተነፍስ አየሩ የቧንቧውን ግድግዳ እየጠረገ ያልፋል፤ የሰውነት መንቀጥቀጥም አክታውን ያላቅቀዋል። በጀርመን የቩርዝቡርግ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር አሳይተዋል። በልፋት ጊዜ ሶዲየምን ወደ ውስጥ የሚስበው ሌላኛው በር ሥራውን ይቀንሳል። ሶዲየሙ ውጭ ሲቀር ውኃውም ከሱ ጋር ይቀራል፤ አክታውም ይቀጥናል። የተበላሸውን በር ባይጠግንም በጎኑ ያለውን በር በመጠኑ መዝጋት ማለት ነው።

የማይሠራውንም መናገር ተገቢ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመና በብዙ አገሮች የተካሄደ ጥናት ሕሙማን በሳምንት 3 ተጨማሪ ሰዓት በርትተው እንዲንቀሳቀሱ አድርጎ ነበር። ከ6 ወር በኋላ የብስክሌት አቅማቸው ጨመረ፤ በአንድ ሰከንድ በኃይል የሚያስወጡት የአየር መጠን ግን ካልተጨመረላቸው ሰዎች አልበለጠም። እንቅስቃሴ የጠፋ ሳንባ አይመልስም። የሚያደርገው በቀረው ሳንባ የበለጠ መሥራት እንዲቻል ነው። ደረጃ ለመውጣት፣ ክፍል ለመድረስ፣ ዕቃ ለመሸከም የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው።

የካናዳዋ ሊሳ ቤንትሊ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ እያለባቸው 11 ጊዜ የአይረንማን ውድድር አሸንፈዋል። ውድድሩ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከሕሙማን ሁሉ ይህ አይጠበቅም። ሆኖም ጣሪያው ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያል።

የማያነበው የጥም መለኪያ

በ1948 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክን ከባድ ሙቀት ሲመታ ሆስፒታል ከገቡት ተዳክመው የደረቁ ሕፃናት ውስጥ የዚህ በሽታ ሕሙማን በዝተው ተገኙ። ፖል ዲ ሳንት አኘስ የተባሉት ሐኪም ነገሩን ተከታትለው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ምክንያቱን ገለጹ፤ የልጆቹ ላብ ከሌላው ሰው በጣም ጨዋማ ነበር። በላብ ዕጢ ውስጥ ሲኤፍቲአር ሥራው ጨውን ወደ ሰውነት መመለስ ነው፤ ሲበላሽ ጨው ይፈስሳል። እስከ ዛሬ ዋናው ምርመራ የላብ ምርመራ ነው። በአንድ ሊትር ላብ ውስጥ ክሎራይድ 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ ውጤቱ በሽታውን ያመለክታል።

ለሚሮጥ ሰው ይህ ምን ማለት ነው? ጤነኛ ሰው ሲያልበው ከጨው ይልቅ ውኃ ስለሚጎድለው ደሙ ጨዋማ ይሆናል፤ አንጎል ይህን አንብቦ «ጠማኝ» ይላል። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለበት ሰው ግን ጨውም ውኃም አብሮ ይወጣል፤ የደሙ ጨዋማነት እንደ ሌላው አይጨምርም። መለኪያው አያነብም፤ ሰውየው እየደረቀ አይጠማውም። በካናዳ ልጆችን በሙቀት ክፍል አሠርተው የተመለከቱ ተመራማሪዎች ልጆቹ ከሚያስፈልጋቸው በጣም ያነሰ እንደሚጠጡ አዩ። በመጠጡ ውስጥ በሊትር 50 ሚሊሞል ጨው ሲጨመርበት ግን ብዙ ጠጡ። በሚዛን ሲሰላ ይህ በ1 ሊትር ውስጥ 3 ግራም ገደማ ጨው ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል። ስለዚህ በዚህ በሽታ «ሲጠማህ ጠጣ» የሚለው ምክር አይበቃም፤ በሰዓት እየቆጠሩ ጨው ያለበትን መጠጥ መጠጣት ያስፈልጋል።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሸሪዓችን ለበሽተኛ ሩኽሳ ሰጥቷል። የጥም ስሜቱ የማይታመን፣ ጨው የሚፈስስበትና ካሎሪ የሚያጥረው ሰው «አልጠማኝም፣ እችላለሁ» በማለት ብቻ መወሰን የለበትም። ሐኪሙንም ዓሊሙንም ይጠይቅ፤ ጓደኛም በአስተያየቱ አያሳፍረው።

እንዴት ይሠራል? ምን ይጠበቃል?

ልጆች በቀን 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያስጨምር እንቅስቃሴ ይመከርላቸዋል። ከዚህ ጋር በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን የጉልበት ሥራ ይጨመራል። የጉልበት ሥራ ለመጀመር ጂም የግድ አይደለም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ፑሽ አፕ፣ በውኃ የተሞላ ጀሪካን ማንሳት ይቻላል። ጭነቱ ልክ ነው የሚባለው ከ8 እስከ 12 ጊዜ አንስቶ ለተጨማሪ ጉልበት ሲያጥር ነው። ሲቀልል ይጨመርበታል።

ጥንቃቄዎቹም የታወቁ ናቸው። ሳንባው በጣም የተጎዳ ሰው በልፋት ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ በሐኪም ፊት ይፈተናል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያነሰ በመሆኑ ይህ ይበልጥ ያሳስባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስኳር በኪሱ ይዞ ይሠራል። ትኩሳት ሲኖር ልፋቱ ይቀንሳል፤ ሲሻል ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከብደው አንድ ደንብ አለ። ሁለት የዚህ በሽታ ሕሙማን አብረው እንዲሠሩ አይመከርም። በሳንባቸው የሚኖሩት አደገኛ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፉ ቢያንስ 2 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። እነዚያ ባክቴሪያዎች ጤነኛ ሳንባን እምብዛም አይጎዱም። ስለዚህ የልፋት ጓደኛቸው የሚሆነው ጤነኛ ሰው ነው፤ ጉንፋን ያልያዘው ጎረቤት፣ ወንድም፣ የክፍል ጓደኛ።

ለእኛስ?

በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትሪካፍታ የተባለ መድኃኒት ተፈቀደ። የተበላሸውን ፕሮቲን እንዲታጠፍና በሩ እንዲከፈት ይረዳል፤ ብዙዎችን ከአልጋ አንስቷል። የወጣበት ዋጋ ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። በአፍሪካ በሽታው ለረዥም ጊዜ «የነጮች በሽታ» ተብሎ ሲታለፍ ኖሯል። እውነቱ ግን 3120+1 በሚል ቁጥር የሚጠራው የጂን ስሕተት በአፍሪካውያንና በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። የላብ ምርመራ በብዙ የአፍሪካ አገር እንደ ልብ አይገኝም። ደጋግሞ የሳንባ ምች የሚይዘው፣ እየበላ የማይወፍር፣ ሰገራው ቅባት ያለው፣ ሲስሙት ቆዳው ጨው ጨው የሚል ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የምግብ እጥረት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ በቤተሰባችን ካለ ለሕፃናት ሐኪም እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ መናገር ተገቢ ነው።

ውድ መድኃኒት ያላገኘ ሰው እንኳ ኢንዛይሙን፣ በቂ ምግቡን፣ ጨውና ውኃውን እያገኘ ጡንቻውን ማሠራት ይችላል። ያገኘውም ቢሆን ለዓመታት የከሳ እግሩን ራሱ ማሠራት አለበት፤ እንክብሉ ስኳት አይሠራለትም።

በግቢያችን ኳስ ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያስል ልጅ ሊኖር ይችላል። አስም ይሁን፣ ከነቀርሳ የቀረ ጠባሳ ይሁን፣ ሌላ ይሁን አናውቅም። ለሱ ልናደርግለት የምንችለው «አንተ አርፈህ ተቀመጥ» ማለትን መተው ነው። ሐኪሙ ምን እንደፈቀደለት እንጠይቀው፤ «ስንት ዙር ትችላለህ?» እንበለው። ሁለት ካለ ሁለቱን በሱ ፍጥነት አብረነው እንዙር፤ ሲያስልም ቆመን እንጠብቀው። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ ሦስት ይሆናል።